ሁለት የማታ ክፍሎች፦ የጎልማሶችና የከፍተኛ ትምህርት የድኅረ ምረቃ ጥናት በአገራችን

(በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእሰ ጉዳይ የጎልማሶችና የከፍተኛ ትምህርት የድኅረ ምረቃ ጥናት ነው። ስያሜውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ገመድ የታሰሩ ሊመስለው ይችላል። አንደኛው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ፊደል ለመቁጠር የተቀመጠን ገበሬ ያስታውሳል፤ ሌላው ለዶክትሬት የሚዘጋጅን ምሁር። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የሚገኙ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ያስተምራሉ። ሁለቱም የሚመረምሩት ከልጅነት ያለፈ፣ ኃላፊነት የተሸከመና ስለ ራሱ የሚወስን ሰው እንዴት እንደሚማር ስለሆነ ነው። የዘርፉ ዕድሜም ረጅም አይደለም። በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን የዶክትሬት ዲግሪዎች በዘርፉ የሰጠው በ1935 ነበር።

በእኛ አገር ግን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ ለዓይን የቀረበ ነገር ነው። የሚገናኙት በአንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ።

ያለንበትን ክፍለ ከተማ እንመልከት። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፈው ቴሌግራፍ ጋር እንደሚያያዝ በሰፊው ሲነገር ኖሯል። ሳሪስና አካባቢው የፋብሪካ ሠፈር ነው፤ ወደ ምዕራብ ስንሻገር መካኒሳን፣ ለቡንና ጀሞን እናገኛለን፤ በዚያ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ሕዝብ አምጥተዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የፋብሪካው ፈረቃ ይለወጣል፣ የቢሮው ሠራተኛ ይወጣል፣ ባቡሩና ታክሲው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ክፍሎች መብራት ያበራሉ። አንደኛው ቀን ሕፃናት ሲማሩበት በዋለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኝ ነው፤ የቤት ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና የቀን ሠራተኞች ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ይማሩበታል። ሁለተኛው በየኮሌጁ ፎቅ ላይ ያለው የማስተርስ ክፍል ነው፤ በዚያ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከሥራ በቀጥታ መጥተው ተቀምጠዋል።

እነዚህ ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ሰዓት ይሻማል። በማስተርስ ክፍል የተቀመጠችውን እናት አስቡ። እርሷ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ክፍል ውስጥ እንድትቆይ ልጇን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል። ልጁን የምትይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ ስትቀጠር «ማታ እንድማር ትፈቅጂልኛለሽ?» ብላ የጠየቀች ወጣት ናት። የማታ ትምህርት በቤት ሠራተኛ ቅጥር ውስጥ የደመወዝ ያህል ክብደት ያለው የድርድር ነጥብ መሆኑን አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ ያውቀዋል። እመቤቲቱ ማስተርስ የጀመረች ዕለት ግን ያ ፈቃድ ይታጠፋል። የአንዷ የድኅረ ምረቃ ዓመት የሌላዋ የአምስተኛ ክፍል ዓመት የሚቀርበት ዓመት ይሆናል። (አባወራው በዚያ ሰዓት የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ በጥናቶቻችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሣም።)

ይህን ያነሣሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ስለ ጎልማሶች ትምህርት ንድፈ ሐሳብ የምትማረው ሴትና ያ ንድፈ ሐሳብ የሚመለከታት ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩበት ሁኔታ መኖሩን ለማሳየት ነው። በዘርፋችን የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ጎልማሳውን ተማሪ ሩቅ አገር ሄደው ይፈልጉታል። ከፈለጉት መካከል አንዱ ግን በገዛ ክፍላቸው ተቀምጧል፤ ሌላዋ እቤት ልጅ ይዛ ትጠብቃለች።

መለያየቱ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። በአዲስ አበባ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» በተባለው ተቋም ጎልማሶች በማታ መማር የጀመሩት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ነው። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍሉ ቀን የሚሠሩ ሰዎችን በማታ ተቀብሎ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል አስገደደ፤ አብዛኞቹ በማስተማር ተሰማሩ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 የሚያህሉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። ስለዚያ ዘመቻ ፖለቲካዊ ዓላማ ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው የዩኒቨርሲቲው ሰው ፊደል ካልቆጠረው ጎልማሳ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጠበት አጋጣሚ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች በተቀራራቢ ጊዜ ተከሰቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 ከፈተ። በተከታዩ ዓመት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የመሠረተ ትምህርት ብሔራዊ ዘመቻ ተጀመረ። የትምህርታችን መሰላል በላይኛውም በታችኛውም ጫፍ በአንድ ዘመን ተቀጠለ ማለት ነው።

በታችኛው ጫፍ የተሠራው ሥራ ግዙፍ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን፣ ቆይቶም የከተማው አዋጅ ቀበሌዎችን ስለፈጠረ፣ ዘመቻው እያንዳንዱን ቤት የሚያንኳኳ መዋቅር ተዘጋጅቶ ቆየው። የተማረው እንዲያስተምር፣ ያልተማረው እንዲማር ተጠራ። ጣቢያዎች በዛፍ ጥላ፣ በዳስ፣ በቀበሌ አዳራሽ ተከፈቱ። ማስተማሪያው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጀ፤ ሁሉም በግእዝ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለኢትዮጵያ ሰጠ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ስማቸውን መጻፍ የጀመሩት፣ በአውራ ጣት አሻራ ፈንታ ፊርማ ያኖሩት በዚያ ዘመን ነው።

ታዲያ የምስክር ወረቀቱን ከወሰደ በኋላ ያ ሰው ምን ያንብብ? የዘመቻው ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነበር። የማጠናከሪያ ትምህርትና የንባብ ቤቶች ታቅደው ነበር፤ ጦርነቱ፣ የ1977ቱ ረኃብና የወረቀት እጥረት ግን ቀደሟቸው። ማንበብ እንደ ጋሪ መንገድ ነው፤ ካልተሄደበት ሣር ይበቅልበታል። ስንቱ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ማንበብ ቀጠለ? የቀጠሉት እነማን ናቸው? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ውስጥ የሚያነቡት ነገር የነበራቸው? የማኅበር ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት? ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የገቡላቸው? እነዚህ ጥያቄዎች የድኅረ ምረቃ ጥናት ዋና እንጀራ መሆን ይገባቸው ነበር። መላሾቹም በየመንደሩ ነበሩ። ዛሬ ከነዚያ ተማሪዎች በሕይወት ያሉት በአብዛኛው በዕድሜ ገፍተዋል። ይህ መስክ በየዓመቱ እየጠበበ የሚሄድ መሆኑን ርእስ ለመምረጥ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

ከዘመቻው በፊት ኢትዮጵያ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ1965ቱ የቴህራን ጉባኤ በኋላ ባካሄደው የዓለም የመሠረተ ትምህርት ሙከራ ከታቀፉት 11 አገሮች አንዷ ነበረች፤ መሠረተ ትምህርት ከሥራ ጋር ይያያዝ የሚለው ሐሳብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ይህንኑ በአዲስ መልክ አነሣው፤ በሁለት ዓመት የሚሰጥ፣ ንባብን፣ ጽሕፈትንና ስሌትን ከእርሻ፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ጋር ያቀናጀ ተግባር ተኮር ትምህርት ተዘረጋ። በእኛ ዘመን በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የጎልማሶች ትምህርት ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ መሆኑ፣ የጎረቤት አገሮችን ልምድ ለሚያስታውስ ሰው ዘግይቶ የመጣ በጎ ነገር ነው። ታንዛንያ እ.ኤ.አ. 1970ን በኔሬሬ ጥሪ የጎልማሶች ትምህርት ዓመት ብላ ሰይማ፣ በ1975 የጎልማሶች ትምህርት ተቋሟን በሕግ ራሱን አስችላ ነበር።

አሁን ወደ አንድ የአሠራር ጉዳይ ልግባ፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚሰናከሉበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እናገረዋለሁ። «ማንበብና መጻፍ የሚችል» ስንል ምን ማለታችን ነው? ለቤቱ ኃላፊ «አቶ እገሌ ማንበብ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ አንድ መንገድ ነው። ሌላው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ የተከተለው ነው። ጥናቱ በትምህርት ብዙ ያልገፋውን ሰው በሚያውቀው ቋንቋ አጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ሰጥቶ «ያንብቡልኝ» ይላል፤ ሁሉን ያነበበ፣ ከፊሉን ያነበበ፣ ምንም ያላነበበ ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ማንበብ የቻሉት ሴቶች 42 በመቶ፣ ወንዶች 69 በመቶ ነበሩ። በ2005 ሴቶቹ 29 በመቶ ነበሩ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ሕፃናት ትምህርት ቤት በመግባታቸው የመጣ ይሁን ወይስ ጎልማሶች ተምረው የመጣ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። በዕድሜ ተከፋፍሎ መታየት አለበት። በ20 ዓመቷና በ45 ዓመቷ ሴት መካከል ያለው ርቀት የጎልማሶች ትምህርት መርሐ ግብር ሚዛን ነው። ይህን ለመመርመር አዲስ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም፤ የጥናቱ መረጃ ለተመራማሪዎች በጥያቄ ይሰጣል።

እኛ ግን መጠይቅ እንበትናለን። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም…» የሚለውን ባለ አምስት እርከን ቅጽ ማንበብ ለማትችል ሴት እየተረጎምንላት እንሞላለን፤ ከዚያ አማካይ ውጤቱን በሠንጠረዥ አስቀምጠን «የመርሐ ግብሩ አፈጻጸም መካከለኛ ነው» ብለን እንደመድማለን። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነበው ፈታኙ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያነባል።

ይህ ለምን ሆነ? ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። በማታው ክፍል ያለው የማስተርስ ተማሪ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 15 ዓመት የሠራ ሰው ነው። ማልኮም ኖልስ የጎልማሳን ትምህርት ከልጅ ትምህርት ሲለይ፣ ጎልማሳው ይዞት የሚመጣው ልምድ ራሱ የትምህርቱ ሀብት ነው ብሎ ነበር። በክፍል ይህን እናስተምራለን፤ ፈተናም እናወጣበታለን። ተማሪው ግን የራሱን ልምድ ወደ ክፍል ይዞ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። የፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ የሆነ ተማሪ በየቀኑ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ማንበብ የማይችሉ ሠራተኞች ያጋጥሙታል፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ ግን «የአመራር ስልት በሠራተኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽእኖ» የሚል ርእስ ያቀርባል። እንዲህ ዓይነቱ ርእስ ቀድሞ ስለጸደቀ አስተማማኝ ነው፤ መጠይቁም ተዘጋጅቶ ይገኛል። ማታ ደክሞ ለሚመጣ ሰው አስተማማኝ መንገድ መምረጥ ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላ መንገድ ያላሳየነው የእኛ የመምህራኑ ነው።

በዚህ ረገድ የቴክኒክና ሙያ ዘርፍ ከዩኒቨርሲቲው ቀድሞናል። እዚሁ በነፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ደጃፍ የሚያልፍ ብየዳ ሠሪ ሙያውን ከአጎቱ ጋራዥ ቢማረውም የብቃት ምዘና ወስዶ ምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል፤ መመዘኛው የት ተማርክ ሳይሆን ምን መሥራት ትችላለህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን የትምህርት ማስረጃን ብቻ ነው የሚያውቀው። በቅርቡ የተጀመረውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልቃወምም፤ ያለ ፈተና የሚከፈት በር ምን እንዳስከተለ አይተናል። ይሁን እንጂ በጎልማሶች ትምህርት ማስተርስ ለመግባት የሚያመለክትን፣ አሥር ዓመት የመሠረተ ትምህርት አመቻች ሆኖ የሠራን ሰው ልምድ የሚመዝን አንድም ነጥብ ከሌለን፣ የምናስተምረውን ራሳችን እንደማናምነው ማስረጃ ሆነን ቆመናል።

ስለ ከፍተኛ ትምህርቱ ወገን በአጭሩ ልበል። ደርግ ሲወድቅ ሁለት ብቻ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ያን ሁሉ ክፍል የሞላው መምህር ማስተማርን የተማረው ከየት ነው? እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር በሥራ ላይ ያለውን መምህር ለአንድ ዓመት ስለ ማስተማሩ እንዲያስብ አድርጓል። ከፊሉ በጉጉት፣ ከፊሉ ለዕድገት ሲባል ብቻ ተከታተለው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ራሱ ጎልማሳ ተማሪ የሆነበት የአገራችን ትልቁ አጋጣሚ ይህ ነው፤ በዚህ ዓይን የተጠናው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቋንቋው ጉዳይ ነው። በጀሞ ወይም በሃና ማርያም ስላለ የጎልማሶች መማሪያ ጣቢያ የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ ይካሄዳል፤ ይተረጎማል፤ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ይታሰራል። ስለ እርሷ የተጻፈውን ያቺ ተማሪ ማንበብ አትችልም፤ ይህስ ይሁን፣ ለጊዜው ነው። አመቻቿም ማንበብ አይችልም። የወረዳው የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያም 120 ገጽ እንግሊዝኛ ለማንበብ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ስለ መሃይምነት የምንጽፈው ጽሑፍ ራሱ ለሚመለከታቸው ሰዎች የማይነበብ ሆኗል። «ሕጉ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፎች በአማርኛ ሲጻፉ ኖረዋል፤ በሌሎች የአገር ቋንቋዎችም የሚጻፉ አሉ። ስለ አማርኛ ግጥም በአማርኛ መመራመር ከተቻለ፣ ስለ አማርኛ ተናጋሪ ጎልማሳ ትምህርት በአማርኛ መመራመር የማይቻልበት ሳይንሳዊ ምክንያት አላገኘሁም። ሙሉውን ጽሑፍ ወደ አገር ቋንቋ ለማዞር ሴኔት ይወስን። እስከዚያው ግን ማንም ሳይወስን ሊደረግ የሚችል ነገር አለ፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከመከላከያው በፊት የጥናቱን ውጤት በሦስት ገጽ፣ ጥናቱ በተካሄደበት ቋንቋ ጽፎ ለጣቢያው አመቻች ይስጥ፤ አመቻቹ አንብቦ ያልተስማማበትን ቦታ በእርሳስ ያስምር፤ ያ የተሰመረበት ወረቀት ከጽሑፉ ጋር አባሪ ሆኖ ለፈታኞች ይቅረብ።

በዚህ ሴሚስተር ከእኔ ጋር ርእስ ለምትመርጡ ይህን እጠይቃለሁ። ወደ መጀመሪያው ምሳሌዬ ብትመለሱ አንድ ያልተነካ ጥናት አለ። ከመኖሪያችሁ አቅራቢያ ወደሚገኝ የማታ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂዱ፤ የመዝገብ ቤቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ በመስከረም ከተመዘገቡት የቤት ሠራተኞች ስንቶቹ በሰኔ እንደቀሩ ከስም መጥሪያው ቁጠሩ። ያቋረጡትን ፈልጋችሁ፣ ያቋረጡበትን ወር መዝግቡ፣ በዚያ ወር አሠሪያቸው ቤት ምን እንደተለወጠ ጠይቁ፤ ሕፃን ተወልዶ ይሆን፣ እመቤቲቱ ትምህርት ጀምራ ይሆን፣ ወይስ ልጅቷ ቤት ቀይራ? ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ሦስት ወርና ትዕግሥት ነው። ቃለ መጠይቁ በምሽት መሆን አይችልም፤ ልጃገረዶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ የእረፍት ቀናቸውን፣ በተለይ እሑድ ከሰዓት በኋላን ተጠቀሙ። አሠሪዋ በሌለችበት ተነጋገሩ፤ ስሟንም የትም አትጻፉ፤ ሥራዋ በእጃችሁ ነው።

ይህን ርእስ የሚወስድ ተማሪ ካለ ረቡዕ ማታ ከክፍል በኋላ ቢሮዬ ክፍት ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።